አህያውን ፈርቶ ዳውላውን!

አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ፍረድ! አባቶቻችን "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ትምህርት ቤቱ ወደቀ፤ የተቀጣው ግን ልጁ ነው።

ነገሩ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። 50 በመቶ ያላመጣ ልጅ በቀጥታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አይገባም። የቀረበት ታዲያ ወንበር ብቻ እንዳይመስልህ። ግቢ የገባ ተማሪ ይማራል፣ ይበላል፣ ይተኛል፤ በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ደመወዝ ሲያገኝ ነው። የሀብታም ልጅ ቢወድቅ ውጭ አገር ይላካል። ጉልት ቸርቻሪዋ እናት ግን ለልጇ ያላት ስኮላርሺፕ ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩን እንየው። በ2015ቱ ፈተና ከተቀመጡት 845 ሺህ ገደማ ልጆች 50 የደፈኑት 27,267 ናቸው፤ 3.2 በመቶ መሆኑ ነው! 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ እንኳ አላሳለፉም። በ2017ቱ ፈተና ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል፤ እሰየው ነው። ግን ከ100 ልጅ 92 ያህሉ አሁንም በር ላይ ቀርቷል።

ኩረጃ ይመለስ አላልንም። ነጥቡ ይውረድም አላልንም። ከ2014ቱ ፈተና ጀምሮ ልጆቹ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መፈተናቸው የሌባውን መንገድ ዘግቷል፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ጥያቄያችን ሌላ ነው። አንድ ልጅ ሲወድቅ ሰነፍ ነው እንበል። ትምህርት ቤቱ ሙሉ በሙሉ ሲወድቅስ ሰነፉ ማን ነው? ቤተ ሙከራ ሳያይ ኬሚስትሪ የተፈተነውን፣ በትግራይ በኮሮናና በጦርነት ዓመታት ደጃፉ ተዘግቶበት የከረመውን ልጅ በአዲስ አበባው የግል ትምህርት ቤት ተማሪ ሚዛን መዝኖ "አልበቃህም" ማለት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

"ሬሜዲያል አለላቸው" ይሉናል። አለ፤ ያውም ለተመረጡት። ግን የ12 ዓመት ጉድለት በጥቂት ወራት ይሞላል? ሞኝህን ፈልግ!

የምንለው አጭር ነው። ለልጁ 50 ከተቆረጠለት ለሹሙም ይቆረጥለት! በየዓመቱ ውጤት ሲነገር ትምህርት ቤቱ ስንት መምህር፣ ስንት መጽሐፍ እንደነበረው አብሮ ይነገረን። ማንንም ካላሳለፈ ትምህርት ቤት አንደኛ የወጣች ልጅ ደግሞ የሬሜዲያል ወንበሯ ከነቀለቧ ይጠበቅላት፤ በሌላት ነገር ተወዳድራለችና።

ዳውላው ተደብድቦ አለቀ፣ ጎበዝ። አሁን እስቲ ወደ አህያው እንዙር!