ሶሲዮሎጂ ተምራ ምን ልትሆን ነው?



የዩኒቨርሲቲ መመዝገቢያ ጊዜ በደረሰ ቁጥር በገዴራም ሆነ በቅርያት መላኪና በያቭኔ አንድ ጥያቄ እንሰማለን። «ልጄ ሶሲዮሎጂ ካልተማርኩ ትላለች፤ ተምራ ምን ልትሆን ነው?» ነርስ እሆናለሁ ብትል ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር።

በመጀመሪያ አንድ ስሕተት እናርም። ብዙዎቻችን ሶሲዮሎጂ የተማረ ሰው ቤታችን እየመጣ የሚጠይቀን «ኦቬድ ሶሲያሊ» ይመስለናል። አይደለም። ማኅበራዊ ሠራተኛ ለመሆን የራሱን የሶሻል ወርክ ዲግሪ መያዝና በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት በመዝገብ መስፈር ያስፈልጋል። ይህን ሳያውቁ ሦስት ዓመት ሶሲዮሎጂ ተምረው በመጨረሻ ያዘኑ ልጆች አጋጥመውናል።

ታዲያ በሶሲዮሎጂ ምን ይሠራል? የማስተማሪያ ሰርተፊኬት ሲጨመርበት መምህርነት፣ በማዘጋጃ ቤት የማኅበረሰብ ሥራ፣ በድርጅት የሠራተኞች አስተዳደር፣ በጥናት ተቋም ምርምር። እውነቱን እንናገር፤ ለምርምሩ ሥራ ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ዲግሪ ይጠየቃል። ከሒሳብ ልሽሽ ብሎ የሚመጣ ልጅ ካለም ስታቲስቲክስ እንደሚጠብቀው ይነገረው። የሶሲዮሎጂን እኅት አንትሮፖሎጂን በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ወይዘሮ በላይነሽ ዘቫዲያ በ2012 የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ወደ ኢትዮጵያ ተልከዋል።

እኛን ግን ከደመወዙ ይልቅ የሚያሳስበን ሌላ ነገር ነው። ከ1984ቱ ዘመቻ ሙሴና ከ1991ዱ ዘመቻ ሰሎሞን ወዲህ ስንቱ ተመራማሪ መጠይቅ ይዞ ደጃችንን አንኳኳ! ቡና አፍልተን መለስንለት። ጥያቄውን ያዘጋጀው ግን ከእኛ ወገን አልነበረም።

የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮን ቁጥር እንመልከት። በ2020 መጨረሻ በእስራኤል 159,500 ያህል የኢትዮጵያ ተወላጆች እንዳሉ አስታውቋል። የተቆጠሩት በኢትዮጵያ የተወለዱና እዚህ ተወልደው አባታቸው በኢትዮጵያ የተወለደ ናቸው። እናቱ ብቻ ከጎንደር የመጣች ልጅ በዚህ ውስጥ የለም። ወላጆቹ ሁለቱም እዚህ አገር የተወለዱ የልጅ ልጃችንም የለም። ልክ ነው ወይስ አይደለም ብለን ዛሬ አንከራከርም፤ ምናልባት ልጆቹ ራሳቸው እስራኤላዊ ተብለው ብቻ መቆጠሩን ይመርጡ ይሆናል። ሆኖም አንድ ባለሙያ ጠረጴዛ ዘንድ ተቀምጦ ማን እንደሚገባና ማን እንደሚወጣ ወስኗል። ልጃችሁ ልማር የምትለው ይህንን ሥራ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ለአመልካቾች በራቸውን የሚከፍቱበት «ዮም ፓቱዓኽ» የሚባል ቀን አላቸው። አብራችሁ ሂዱ። ከሶሲዮሎጂና ከሶሻል ወርክ የትኛው እንደሚሻላት አማካሪውን ጠይቁ። በአማርኛ ብትጠይቁም ችግር የለም፤ እሷ ትተረጉማለች።