ልጆችን ይዞ ኢዝሚርን ለማየት

የክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ከመድረሱ በፊት በየመሥሪያ ቤቱ እናቶች ዘንድ የሚነሣ ጥያቄ አለ። ይኸውም ልጆቹን ዘንድሮ ወዴት እንውሰዳቸው የሚለው ነው። ወደ ቱርክ አገር ለልብስና ለጫማ ንግድ የሚመላለሱ እህቶች ያዩትን ሲያወጉ የሰሙ አንዳንድ እናቶች ደግሞ፣ «እኛስ ለሸቀጥ ሳይሆን አገር ለማየት ብንሄድ ምን አለበት?» ሲሉ ይሰማሉ። ሐሳቡ መልካም ነው። ስለ ኢስታንቡል ብዙ የተባለ ስለሆነ፣ በዛሬው ዓምዳችን ከቱርክ ከተሞች በሕዝብ ብዛት ሦስተኛ ስለሆነችውና በኤጌ ባሕር ዳር ስለምትገኘው የወደብ ከተማ ስለ ኢዝሚር እንነጋገራለን። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ እናቶች ከተማይቱን በጥንቱ ስሟ ያውቋታል። በዮሐንስ ራእይ ውስጥ ከተጠቀሱት ሰባት አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነችው ሰምርኔስ እርሷ ናት።

ከሁሉ በፊት የሚያስጨንቀው ጊዜው ነው። የእኛ ልጆች ከትምህርት የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፣ በኢዝሚር ደግሞ ፀሐይ የሚበረታው በእነዚሁ ወራት ነው። ዝናብ የለም፤ ሙቀቱም ከ30 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ለጉብኝት የሚስማሙት ሚያዝያና ግንቦት ወይም መስከረም ማለቂያና ጥቅምት ናቸው። ነገር ግን ለሽርሽር ሲባል ልጅን ከትምህርት ገበታ ማስቀረትን እኛ አንመክርም። ስለዚህ ወደ ነሐሴ ማለቂያ መጠጋት ይሻላል፤ ሙቀቱ ጥቂት መለዘብ ይጀምራል። በዚያው ሰሞን ኩልቱርፓርክ በሚባለው ሰፊ መናፈሻ የኢዝሚር ዓለም አቀፍ ትርዒት መታየቱ የተለመደ ነው። የቀኑንም ፕሮግራም እንደ አገሩ ሰው ማድረግ ነው፤ ጠዋት በማለዳ መውጣት፣ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ጥላ ሥር ማረፍ፣ ከዚያም እስከ ማታ መዘዋወር።

ገንዘቡን በሚመለከት፣ በደመወዝ የምትተዳደር እናት እንዲህ ያለውን ጉዞ በአንድ ወር አታስበውም። ከአንድ ዓመት በፊት ዕቁብ መግባትና ዕጣው ሲወጣ ለጉዞው ብቻ ማስቀመጥ ይበጃል። ለቤት ኪራይና ለትምህርት ቤት ክፍያ የተያዘውን የሚነካ ጉዞ ግን ቢቀር ይሻላል። በቱርክ የዋጋ ንረቱ ብርቱ ስለሆነ፣ አምና ደርሳ የመጣች ጓደኛ የነገረችዎትን ዋጋ ይዘው አይነሡ። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፓስፖርት ያስፈልጋል፤ ቪዛም እንደዚሁ። ስለዚህ ምን ምን ወረቀት እንደሚጠየቅ ለማወቅ ከብዙ ወራት በፊት አዲስ አበባ ወደሚገኘው የቱርክ ኤምባሲ ራስዎ ቀርበው ይጠይቁ። ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል፣ ከኢስታንቡል ኢዝሚር ነው፤ ሁለተኛው በረራ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይወስዳል። ከአድናን መንደሬስ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ መሐል ከተማ ኢዝባን የሚሉት ባቡር ስላለ የታክሲ ወጪ አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ቀን ለባሕሩ ይሁን። ኮናክ በተባለው አደባባይ ሱልጣን አብዱልሐሚድ ሁለተኛ የነገሠበት 25ኛ ዓመት ሲከበር በ1901 የተሠራ የሰዓት ማማ ቆሟል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከማማው ጥቂት ራመድ ቢሉ መርከቡ ይገኛል። በባሕረ ሰላጤው ማዶ ወዳለችው ካርሽያካ የሚሻገረው ይህ መርከብ የከተማው ሠራተኛ በየቀኑ የሚሳፈርበት ስለሆነ ዋጋው የአውቶቡስ ያህል ነው። የባሕር ወፎች እየተከተሉ ከተሳፋሪው እጅ የዳቦ ፍርፋሪ ይቀልባሉ። ባሕር አይቶ ለማያውቅ ልጅ ከዚህ የበለጠ ጨዋታ የለም። ሆኖም ከከተማው ዳርቻ ውኃው ለዋና የሚሆን አይደለም፤ በ2024 በጋ ብዙ ዓሣ ሞቶ ሽታው ነዋሪውን አስቸግሮ ነበር። መዋኘት ለሚሹ ቼሽሜና ፎቻ የሚባሉ የባሕር ዳር ከተሞች አሉ።

ማታ ማታ ሕዝቡ የሚናፈስበት ኮርዶን የተባለው የባሕር ዳር መንገድ ያማረ ነው። ዕድሜያቸው ከፍ ላሉት ልጆች ግን የሆነውን መንገር ይገባል። በመስከረም 1922 የግሪክና የቱርክ ጦርነት ሲያበቃ በከተማው ቃጠሎ ተነሥቶ የግሪኮችንና የአርመኖችን ሰፈር አወደመ። እሳቱን ማን አስነሣው በሚለው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። በዚያን ጊዜ እናቶች ልጆቻቸውን አቅፈው በእሳትና በባሕር መካከል ቀናትን ያሳለፉት በዚሁ ዳርቻ ላይ ነው። ኩልቱርፓርክም በ1936 የተከፈተው በተቃጠለው ሰፈር ላይ ነው።

ከኮናክ ጀርባ የከመራልቲ ገበያ ይጀምራል። መርካቶን ለምታውቅ እናት እንግዳ አይሆንባትም፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቅመሙ፣ የወርቅ ሠሪው ተራ እያንዳንዱ በየመደቡ ነው። በዚህ ገበያ መካከል ግን ሳያዩት ሊያልፉት የማይገባ አንድ ሕንጻ አለ፤ ክዝላራአሲ ሃን ይባላል። «ሃን» የነጋዴ ማረፊያ ማለት ሲሆን፣ በ1744 ያሠራው ሐጂ በሽር አጋ የተባለው ሰው ነበር። በሽር አጋ የኦቶማን ሱልጣን ሴቶች የሚኖሩበት ቤተ መንግሥት የጃንደረቦች አለቃ ሆኖ ከ1717 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1746 ድረስ ያገለገለና ቃሉ ከብዙ ሚኒስትሮች ቃል የሚበልጥ ባለሥልጣን ነው። መጻሕፍት ሰብስቧል፤ ትምህርት ቤትና የውኃ ምንጭ አሠርቷል። ትውልዱ ሐበሻ ነው። በልጅነቱ ተሸጦ፣ ተሰልቦ፣ ባሕር ተሻግሮ ነው እዚያ የደረሰው። ያ ሁሉ ሥልጣን የተገኘው አንዲት የሐበሻ እናት ልጇን በማጣቷ ነው ማለት ነው።

እንደ እርሱ ተሸጠው ከሄዱት አብዛኞቹ አለቃ አልሆኑም። ከሱዳን፣ ከኢትዮጵያና ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች በባርነት የተወሰዱ ሰዎች የልጅ ልጆች ዛሬም በኢዝሚር ዙሪያ በቶርባሊ፣ በባይንዲርና በቲሬ አካባቢ ይኖራሉ። ቋንቋቸው ቱርክኛ፣ ሃይማኖታቸው እስልምና ነው። ዳና ባይራሚ፣ ማለትም የጥጃ በዓል፣ የሚባለው የቀድሞ አባቶቻቸው በዓል ተረስቶ ከቆየ በኋላ በ2007 እንደገና መከበር ጀምሯል። በመንገድ ላይ ወገን የሚመስል ሰው ቢያጋጥምዎና በአማርኛ ሰላም ቢሉት ባይመልስልዎ፣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ኤፌሶንን ለማየት አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ። ከኢዝሚር ወደ ደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በባቡር ሰልቹክ ወርዶ ከዚያ አጭር መንገድ ነው። ኤፌሶን በዘመኑ ታላቅ ወደብ ነበረች። ወንዙ ያመጣው ደለል ባሕሩን እየገፋው ሄዶ ዛሬ ከውኃው በብዙ ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት የፊት ግንብና ትልቁ ቲያትር ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ የሚነሣባቸው ናቸው። ለእኛ አገር ምእመናን ግን ፍርስራሹ ብቻ የቀረው የማርያም ቤተ ክርስቲያን ይበልጣል፤ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትቀበላቸው ሦስት ጉባኤያት ሦስተኛው በ431 የተካሄደው በኤፌሶን ነውና። በአቅራቢያው ተራራ ላይ የእመቤታችን ቤት ነው የሚሉት ትንሽ ቤት አለ። የሮማ ሊቃነ ጳጳሳት ጎብኝተውታል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ይሳለመዋል። በእኛ ትውፊት የእመቤታችን መቃብር በጌቴሴማኒ መሆኑን ልጆች ስለሚያውቁ መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱን አስቀድመው ቢያስቡበት አይከፋም። በፍርስራሹ መካከል ጥላ የለም፤ እብነ በረዱም ያንሸራትታል። ባርኔጣ፣ ውኃና ሶሉ የማያዳልጥ ጫማ ሳይዙ አይሂዱ።

ስለ ምግብ ብዙ አንልም። ጠዋት ቦዮዝ የሚሉትን፣ ከስፔን ተሰደው የመጡ አይሁድ ያስለመዱትን ቂጣ መሳይ ጋገራ ከሻይ ጋር መብላት ነው። ፍልሰታን ለሚጾሙ የኤጌ አገር ምግብ እጅግ ይስማማል፤ ባቄላው፣ ድንቹ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለው ሩዝ ሁሉ በወይራ ዘይት ተሠርቶ ቀዝቅዞ ይቀርባል። «ዘይቲንያሊ» ብለው ይዘዙ። በመንገድ ላይ የሚሸጠውን ሩዝ የተሞላ የባሕር ቀንድ አውጣ መሳይ ግን በሙቀት ወራት ለልጅ አይስጡ።

አሁን ደግሞ ዝም ልንለው የማንችለው ጉዳይ አለ። ከቼሽሜ ጠረፍ ሆኖ ለሚያይ የግሪክ ደሴት ኪዮስ ፊት ለፊት ትታያለች። ስለዚህ ኢዝሚር የደላሎችም ከተማ ሆና ኖራለች። በ2015 ብቻ ከቱርክ ወደ ግሪክ በባሕር የተሻገሩት ከ800 ሺህ በላይ ሲሆኑ፣ ባስማኔ በተባለው የባቡር ጣቢያ ሰፈር የሕይወት ማዳኛ ሰደርያ እንደ ሸሚዝ በየሱቁ ተሰቅሎ ይሸጥ ነበር። በጥር 1996 ሳይሆን በጥር 2016፣ ማለትም ትናንት በምንለው ዘመን፣ የቱርክ ፖሊስ በኢዝሚር አንድ ወርክሾፕ ሲፈትሽ ውኃ ላይ የማይንሳፈፍ ሐሰተኛ ሰደርያ ሲሰፋ አግኝቷል። በመስከረም 2015 ከቦድሩም ጠረፍ የተነሣች ጀልባ ተገልብጣ የሞተው የሶርያው ሕፃን አላን ኩርዲ ፎቶግራፍ ከማንም አእምሮ የሚጠፋ አይደለም፤ እናቱና ወንድሙም አብረው ሞተዋል።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ለጉብኝት ስትነሡ አብራችሁ ልሂድ የምትል ታናሽ እህት ወይም የዘመድ ልጅ ትኖር ይሆናል። «ቪዛው ይውጣልኝ እንጂ ከዚያ በኋላ የሚቀበለኝ ሰው አለ» የምትል ከሆነ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደተከፈለው፣ ገንዘቡስ በማን እጅ እንዳለ ከአገር ሳትወጡ ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቋት። በቁጣ ከሆነ ትደብቃለች፤ ቡና አፍልቶ፣ ቀስ ብሎ ነው። ቲኬት ከመቆረጡ በፊት ያልተጠየቀ ነገር ባስማኔ ከተደረሰ በኋላ ለመጠየቅ አይመችም።

ለቤተ ዘመድ ስጦታ የሚሆነው የኢዝሚር ደረቅ በለስና ዘቢብ ነው፤ የወይራ ሳሙናም አለ። በለሱ በነሐሴና በመስከረም አዲሱ ይደርሳል። በመጨረሻው ቀን ይግዙት፤ ከባድ ስለሆነና በሙቀት ስለሚያጣብቅ ከልብስ ለይቶ በወፍራም ላስቲክ መጠቅለል ያስፈልጋል።