ለመድረሳ ብለን በጨረታ አናታል



ከጀሞ እስከ ለቡ፣ ለመድረሳ ገንዘብ ሲሰበሰብ አንዷ ቀለበቷን፣ ሌላው በጉን ይሰጣል፤ በጨረታም ይሸጣል። ይህ በዲናችን መሠረት አለው። አነስ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲስ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) የአንድ ችግረኛ አንሷሪን ጨርቅና መጠጫ ለጨረታ አቅርበዋል፤ አንዱ 1 ዲርሀም ሲል ጭማሪ ጠይቀው በ2 ዲርሀም ሸጡለት።

ነገር ግን ሊገዛ ሳያስብ ዋጋ ለማስወደድ ብቻ መጨመር «ነጅሽ» ይባላል፤ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተከልክሏል። «ለመድረሳ እኮ ነው» ማለት ሐላል አያደርገውም። የ500 ብር ፔርሙዝ እያወቀ በ5,000 የገዛ ሰው ትርፉን ሰደቃ ሰጥቷል። አስተባባሪው በስውር ካቆመው ሰው ጋር ሲፎካከር የገዛ ግን ተታሏል።

አስተባባሪዎች፣ የዕቃውን የገበያ ዋጋ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ተጫራቾች፣ ካሸነፋችሁ ክፈሉ፤ በጭብጨባ ወንበር አይገዛም። ለጋሾችም የተበላሸ ሬዲዮ አታምጡ፤ አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 267 ከመልካሙ እንድንሰጥ አዞናል።

ልጆቻችን ሐላልና ሐራምን የሚማሩበት ክፍል በማታለል በተገኘ ብር አይሠራ።

ወላሁ አዕለም።