የማንቆርቆሪያው ቅርፊት





እኔ በደቡብ ኦሞ በአልዱባ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ መምህር ነኝ። በቅርቡ ለተማሪዎቼ፣ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ዕቃን እንዴት እንደሚያጠራ አስተማርሁ። ድምፁ በሴኮንድ ከ20,000 ጊዜ በላይ ሲርገበገብ በውኃው ውስጥ ደቃቅ አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ አረፋዎቹም በዕቃው አጠገብ በኃይል ሲፈርሱ የተጣበቀውን የኖራ ቅርፊት ይሰነጣጥቁታል። እንዲህ ያለው አረፋ የመርከብን የሚሽከረከር ክንፍ ይቦረቡር ስለ ነበር፣ እንግሊዛዊው ሊቅ ሎርድ ሬይሊ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. ግፊቱን አስልቶ አሳይቷል። ዛሬም የጥርስ ሐኪሞች የጥርስን ድንጋይ በዚሁ ዓይነት ንዝረት ያነሣሉ።

ትምህርቱን ስጨርስ እናቷ በገበያ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ተማሪ ተነሥታ፣ «መምህር፣ ይህ መሣሪያ እስኪደርሰን የእናቴን ማንቆርቆሪያ ምን እናድርገው?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጥቼ አፈርሁ። ቅርፊቱ ሙቀት እንዳያልፍ ስለሚከለክል ውኃው ቶሎ አይፈላም፤ የሚነደውም እንጨት ይበዛል። እንጨቱን ማለዳ ለቅማ፣ ትምህርት ቤት አርፍዳ የምትደርሰው ደግሞ እርሷው ናት።

በማግሥቱ ማንቆርቆሪያውን አስመጥቼ የሎሚ ጭማቂና ሙቅ ውኃ ጨመርንበት። ቅርፊቱ አረፋ እያወጣ ለቀቀ፤ ደጋግመንም አለቀለቅነው። ውኃ ሲፈላ ከዕቃው ጋር የሚጣበቀው ካልሲየም ካርቦኔት ነውና አሲድ ያሟሟዋል። ሎሚ ከበረኪና ጋር ግን ከቶ አይደባለቅ፤ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ይህን ቀመር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ በቃሌ አጥንቼው ነበር፤ ለቤት ዕቃ ያዋልሁት ግን በዚያች ልጅ ጥያቄ ነው።

ይህን የምጽፈው ለመንግሥት ሠራተኞች ወንድሞቼና እኅቶቼ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሻይ ውኃ ማፍያዎች «አገልግሎት የማይሰጡ» ተብለው በዕቃ ግምጃ ቤት ተከምረው አይቻለሁ። ከፍቼ ብመለከታቸው ሕመማቸው ያው ነጭ ቅርፊት ነበር፤ የምትክ መግዣው ጥያቄ ግን አስቀድሞ ተፈርሟል።

አዲሱን መሣሪያ አልነቅፍም፤ ለሐኪም ቤትና ለፋብሪካ ይገባል። ነገር ግን ኤሌክትሪክና ዕቃው የሚነከርበት ገንዳ ይሻል፤ ቅርፊቱ ሲወፍርም አሲድ ይጨመርበታል። ስለዚህ ለግዢ ከመፈረማችን በፊት ክዳኑን ከፍተን እንይ፤ በየወሩም በሎሚ እናጽዳ። የሚባክነው ገንዘብ የሕዝብ ነው፤ የሚነደውም እንጨት ያች ልጅ በጀርባዋ የምታመጣው ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ መምህር
ከአልዱባ