ከማሽኑ በፊት ናሙናው

ቡና ከሚያገበያዩት ተቋማት አንዱ የሆነው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ገበያው ሥራ በጀመረበት በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አግኝታ ንግዱ ክፉኛ ተናግቶ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2023 ጀምሮ በተቆላ ቡና ላይ የኦክራቶክሲን ኤን ጣሪያ በኪሎ ከ5 ወደ 3 ማይክሮግራም አውርዶታል። ኦክራቶክሲን ሻጋታ የሚያመነጨው፣ ኩላሊት የሚጎዳ መርዝ ነው። ሕጉ የወጣው በተቆላው ላይ ቢሆንም ጥሬውን ገዝቶ የሚቆላው ጣሪያውን ወደ ሻጩ መግፋቱ አይቀርም። እንዲህ ሲሆን ቀድሞ የሚታሰበው የበለጠ ስሜት ያለው ውድ ማሽን መግዛት ነው። እኔ ግን ቅድሚያው ለናሙናው ይሁን እላለሁ።

ለዚህ ካፒላሪ ኤሌክትሮፎረሲስ የተባለው የመለያ ዘዴ ጥሩ ማሳያ ነው። ውስጡ ከፀጉር በማይወፍር የሲሊካ ቱቦ ላይ እስከ 30,000 ቮልት ሲለቀቅ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች እንደየፍጥነታቸው ይለያያሉ። ድክመቱም ከቱቦው ቅጥነት ይመጣል። የመርማሪው (የዲቴክተሩ) ብርሃን ፈሳሹን የሚያቋርጠው 50 ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ፈሳሽን በግፊት እየገፋ በሚለየው በተለመደው ኤችፒኤልሲ 200 እጥፍ፣ ማለትም 10 ሚሊሜትር ይጓዛል። ግማሽ ሜትር ቱቦ በጠቅላላ የሚይዘው 1 ማይክሮሊትር ገደማ ስለሆነ ናሙናውን እንደልብ ማብዛትም አይቻልም።

መውጫው ናሙናውን እዚያው ቱቦው ውስጥ ማጠራቀም ነው። ናሙናው ጨው ባነሰው ፈሳሽ ሲሟሟ የኤሌክትሪክ መስኩ በእሱ ላይ ይበረታና ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ይሮጣሉ። ጨው የበዛበት ቡፈር (ቱቦውን የሞላው ፈሳሽ) ጋ ሲደርሱ መስኩ ይወርዳል፤ ከሳር ቤት ሲከንፉ መጥተው ሜክሲኮ አደባባይ ላይ እንደሚደራረቡ ታክሲዎች የኋለኞቹ ከፊተኞቹ ይጠጋጋሉ። የተንዛዛው ናሙና ጠቦና ጠንክሮ በመርማሪው ፊት ያልፋል። የተለወጠው የጨው መጠን ብቻ ነው።

ሙል የሌላቸውን ቅንጣቶች ሳሙና መሰል ሚሴሎች እየጠራረጉ ይሰበስቧቸዋል። ተመራማሪዎቹ ጆሴሊቶ ኪሪኖና ሺገሩ ተራቤ በዚህ መንገድ ከ5,000 እጥፍ በላይ ማጠራቀም እንደሚቻል በ1998 "ሳይንስ" መጽሔት ላይ አሳይተዋል። በ2000 ዘዴዎችን አጣምረው፣ ያውም በተራ አልትራቫዮሌት መርማሪ፣ ወደ ሚሊዮን እጥፍ ተጠጉ።

ወደ ቡናው እንመለስ። በአንድ ኪሎ ውስጥ ያለ 3 ማይክሮግራም ኦክራቶክሲን በአንድ ሊትር ቢሟሟ 7 ናኖሞላር ገደማ ይሆናል። ተራው መርማሪ ያለ እገዛ የሚያየው ከ1,000 ናኖሞላር አካባቢ ጀምሮ ነው፤ ጉድለቱ ከ100 እጥፍ ይበልጣል። ኦክራቶክሲን አሲድ በመሆኑ በአልካሊ ቡፈር ውስጥ አሉታዊ ሙል ስለሚይዝ ለማጠራቀም ይመቻል።

ተቃውሞው ግን ቀላል አይደለም። የቡና ጭማቂ በፖታሲየም ጨውና በክሎሮጀኒክ አሲድ የተሞላ ነው። ጨው የመስኩን ልዩነት ያጠፋል፤ አሲዱም ከመርዙ ጋር አብሮ ይከማቻል። ስለዚህ ማጽዳት ይቀድማል፣ ለማጽጃውም ወጪ አለ። የጨው መጠን ጥቂት ሲዛባ ውጤቱ ስለሚዋዥቅ በላቦራቶሪዎች የብቃት መስፈርት በአይኤስኦ 17025 መሥራት የሚፈልግ ላቦራቶሪ ደጋግሞ ማረጋገጥ አለበት። በእኔ ግምት የመጨረሻው ፍርድ ለኤችፒኤልሲ ይቆይ፤ ይህ ዘዴ ጭነቱ ከመውጣቱ በፊት አጠራጣሪውን ዕጣ ነቅሶ ያውጣ።

ይህም ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። በደቂቃ 1 ሚሊሊትር የሚያፈስ ኤችፒኤልሲ በ8 ሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ፈሳሽ ይጨርሳል፤ ከዚያ ውስጥ አሴቶናይትራይል የተባለው ማሟሚያ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። ካፒላሪው የሚፈልገው ጥቂት ሚሊሊትር ቡፈር ነው። በጀት ሲመደብ "የትኛው ማሽን?" ከሚለው በፊት "ናሙናውን ማን፣ እንዴት ያዘጋጃል?" ተብሎ ይጠየቅ። ቡፈሩንና ናሙናውን ማስማማት የሚያውቅ ኬሚስት ጣሪያው ነገ ከ3 ወደ 2 ቢወርድ አዲስ ጨረታ እስኪወጣ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም።