ቂም ይዞ ውድድር

ስለ ፎርሙላ ዋን ሲወራ ሁለት ስሞች አብረው መነሳታቸው አይቀርም፤ ብራዚላዊው አይርተን ሴና እና ፈረንሳዊው አሌን ፕሮስት። የሁለቱን ፉክክር የስፖርቱ ወርቃማ ዘመን የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ፉክክር አልጠላም፤ ያለ ፉክክር ስፖርት ምን ጣዕም አለው? እ.ኤ.አ. በ1990 ጃፓን ሱዙካ ላይ የተፈጸመውን ግን «ፉክክር ነው፣ ያለ ነው» ብሎ ማለፍ አይዋጥልኝም።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። በ1989 ሁለቱም ለማክላረን ይነዱ ነበር። በዚሁ በሱዙካ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙሮች ሲቀሩት ተጋጩ። ፕሮስት ከመኪናው ወረደ፤ ሴና ግን ተገፍቶለት ቀጠለና ቀድሞ ገባ። ደስታው አልቆየም። መታጠፊያውን ቆርጠህ ነው የተመለስከው ተብሎ ውጤቱ ተሰረዘ፤ ድሉ ለጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ናኒኒ፣ ሻምፒዮንነቱ ለፕሮስት ሆነ። ሴናም የስፖርቱ የበላይ አካል ፕሬዚዳንት የነበሩት ፈረንሳዊው ዣን ማሪ ባሌስትር ለአገራቸው ልጅ አድልተዋል ብሎ ቂም ያዘ።

በዓመቱ ፕሮስት ፌራሪ ገብቶ ሁለቱ እዚያው ተገናኙ። ሁለት ውድድሮች ሲቀሩ ሴና 78፣ ፕሮስት 69 ነጥብ ነበራቸው። ሴና በማጣሪያው አንደኛ ቢወጣም የአንደኛው መነሻ ቦታ የተሰጠው ቆሻሻ በበዛበት፣ ጎማ በደንብ በማይዝበት በኩል ነበር። ይቀየርልኝ አለ፤ አልተቀየረለትም። ኦክቶበር 21 ቀን ውድድሩ ሲጀመር ፕሮስት ፈትለክ ብሎ ቀደመ። ሴናም በመጀመሪያው መታጠፊያ ፍሬን ሳይቆጥብ ገባበት ብንል ይሻላል ወይስ ፍሬኑን ረሳው? ሁለቱም ተያይዘው ከመንገድ ወጡ፤ አቧራው ሳይበርድ ሴና ሻምፒዮን ሆነ። በ1991 ሦስተኛ ዋንጫውን ካረጋገጠ በኋላ ደግሞ ፕሮስት ከቀደመው መንገድ ላለመልቀቅ አስቀድሞ ወስኖ እንደነበር ራሱ ተናገረ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ ሴና ቅሬታው እውነት ነበረው። አንደኛ የወጣ ሰው መጥፎውን ቦታ ማግኘቱ ፍርደ ገምድልነት ነው። ግን ቅሬታው ከኃላፊዎቹ ጋር ሆኖ ሳለ የገጨው ፕሮስትን ነው። ያውም በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ እየተበረረ፣ ከኋላ ከሃያ በላይ መኪኖች እየተከተሉ! አንዱ ሰው ቢሞት ኖሮ ዛሬ «ወርቃማ ዘመን» እንል ነበር? «ፕሮስትም እኮ በ1989 ሆን ብሎ ዘግቶበታል» የሚሉ አሉ። እሺ ይሁንና፣ የአንዱ ጥፋት የሌላውን ንጹሕ ያደርገዋል እንዴ? «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የተባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ቅጣቱ ነው። በ1997 ስፔን ሄሬዝ ላይ ማይክል ሹማከር በአንድ ነጥብ እየመራ መኪናውን ወደ ዣክ ቪልኔቭ አዞረ። ራሱ ወጣ፣ ቪልኔቭ ሦስተኛ ሆኖ ጨርሶ ሻምፒዮን ሆነ፤ ሹማከርም ከዓመቱ የሻምፒዮና ደረጃ ተሰረዘ። ሴና ግን በራሱ አንደበት ካመነ በኋላም ዋንጫው አልተነካም። እንግዲህ ያልተሳካለት ተቀጣ፣ የተሳካለት ተሞገሰ ማለት ነው። ዳኛ መመዘን ያለበት ድርጊቱን እንጂ ውጤቱን ወይም የሰውየውን ዝና መሆን አልነበረበትም።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎችስ? በዚያ ቀን ኔልሰን ፒኬ እና ሮቤርቶ ሞሬኖ ለቤኔቶን አንደኛና ሁለተኛ ወጥተዋል። ሦስተኛ የወጣው አጉሪ ሱዙኪ በአገሩ ሕዝብ ፊት የሽልማት መድረክ ላይ የቆመ የመጀመሪያው ጃፓናዊ የፎርሙላ ዋን ተወዳዳሪ ሆነ። ይህን ስንቶቻችን እናውቃለን? የሁለት ሰዎች ጠብ የሌላውን ሁሉ ላብ ዋጠው። ነገ ስለ ባላንጣዎች ስንዘግብ የማን ደጋፊ እንደሆንን ሳይሆን ማን ምን እንዳደረገ እንጻፍ። ሆን ተብሎ የተደረገን ግጭት «አደጋ» ብሎ የሚጽፍ ዘጋቢ፣ ከገጪው ጋር መሪ እንደ ያዘ ይቆጠራል።