ዘውዲቱን ማን ሠራው?

ከቡሬ ሪፈር ተጽፎለት፣ ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ዘውዲቱ ሆስፒታል የሚገባ የአገሬ ሰው ሆስፒታሉን ንግሥቲቱ ያሠሩት ይመስለዋል። የተማርነውም ከእርሱ ብዙ አንሻልም።

እውነቱ ሌላ ነው። መጋቢት 1922 ዓ.ም. ባረፉት በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ስም የተሰየመውን ይህን ሆስፒታል የሠራችው፣ ባለቤቱም አስተዳዳሪውም የነበረችው የሰባተኛው ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ናት። ይህችው ቤተ ክርስቲያን በደብረ ታቦርና በደሴም ሆስፒታል ነበራት፤ የደሴው ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት አውሮፕላኖች ከተማይቱን ሲደበድቡ ቦምብ ወድቆበታል። ዘውዲቱን ግን የወሰደው የራሳችን መንግሥት ነው፤ ደርግ በ1968 ዓ.ም. አካባቢ «ወረሰው»። (ቃሉ ራሱ ይገርማል፤ ባለቤቱ ሳይሞት የሚወረስ ንብረት!)

ታዲያ ሠሪዎቹ ስለ ምን ተረሱ? በእኔ እምነት ምክንያቱ ከደርግ ይቀድማል። እኛ ጎጃሞች ሚሲዮንን የምናየው በጥርጣሬ ነው። ጥርጣሬውም መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ሚሲዮናውያኑ ለሕክምና ብቻ እንዳልመጡ ራሳቸውም አልደበቁም። መንግሥት ይህን ተረድቶ ነሐሴ 1936 ዓ.ም. ባወጣው ድንጋጌ አገሪቱን በሁለት ከፈላት። የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጸናችበት አካባቢ ሚሲዮኖች በፈቃድ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ይከፍታሉ እንጂ ሃይማኖት አያስለውጡም፤ አዲስ አበባ ግን «ክፍት» ከተባለው ወገን ተመደበች። ብልህ ስምምነት ነበር ባይ ነኝ። ነውሩ መድኃኒቱን ከተቀበልን በኋላ የሰጪውን ስም መፋቃችን ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «መንግሥት ባይወስደው ድሃው የት ይታከም ነበር?» ይሉኛል። ሆስፒታሉ በመንግሥት እጅ ከገባ በኋላ ብዙ መሥራቱን አልክድም፤ በኤች አይ ቪ ሕክምና በአገሪቱ ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነበር። ነገር ግን መልካም ማስተዳደር ሌላ፣ የሰውን ንብረት መውሰድ ሌላ። ዛሬ በከተማው ጤና ቢሮ ሥር ያለው ሆስፒታል ይመለስ አልልም፤ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ይህ ሕሙማንን ማንገላታት ይሆናል። የምለው ስለ ዘውዲቱ በተናገርን ቁጥር የሠሪዋን ስም እንጥራ፣ የተወሰደውም እንደ ተወሰደ ይነገር ነው።

ጉዳዩ የአድቬንቲስቶች ብቻ አይደለም። ዛሬ ቡሬ ላይ ወይም ፍኖተ ሰላም ላይ ደብሩ፣ ዕድሩ ወይም በውጭ ያለው የአካባቢው ተወላጅ ገንዘብ አዋጥቶ ሆስፒታል ልሥራ ቢል፣ ነገ የማን እንደሚሆን ማን ዋስትና ይሰጠዋል?